«ከስንት ተመርማሪ?» የሚለውን ቁጥር አትንፈጉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ የፊት ገጽ ላይ ስለ ወባ ያወጣችሁትን ዘገባ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ርዕሱ የታማሚዎች ቁጥር ካለፈው ወር መቀነሱን የሚያበሥር ነው። በውስጡ ግን በሁለቱ ወራት ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ሪፖርት የላኩት ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎችም በሁለቱም ወራት እኩል ስለመሆን አለመሆናቸው አንድ ቃል አላገኘሁም። መንገድ በተዘጋበት ወይም የመመርመሪያ ኪት ባለቀበት ወረዳ የወባ ቁጥር ይቀንሳል፤ ወባው ግን እዚያው ነው። ስለ ወባ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ብዙ ስለሆኑ በእሱ አልገፋበትም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ በኮቪድ ጊዜ የየዕለቱን ቁጥር በእጄ እየመዘገብኩ ስቆይ ያንኑ ስሕተት እኔ ራሴ ሠርቼው ስለነበረ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በምኖርበት ኮልፌ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ የወር መዋጮውንና የቀብሩን መዝገብ እይዛለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ቫይረሱ እንደተገኘበት የጤና ሚኒስቴር ባስታወቀ ጊዜ ልጆቼ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከቤት አትወጣም» ብለው ደጁን ዘጉብኝ። ሥራ ለለመደ ሰው እጅን አጣጥፎ መዋል ከሕመም ስለማይተናነስ፣ ከሰፈራችን ሱቅ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አስገዝቼ በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩበት፦ ቀን፣ አዲስ የተያዙ፣ ያገገሙ፣ የሞቱ። የልጅ ልጄ ማታ ማታ፣ የሁለት ሰዓቱ ዜና ሳይጀምር፣ ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ በትዊተር ያወጡትን መግለጫ ከስልኳ ታነብልኛለች፤ እኔ በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው የሞት ዜና ሲሰማ ቀይ እስክሪብቶም አስፈለገኝ። በሦስተኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ደብተሬ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መዝገብ ሆነ።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ነገር ይኸው ነው። የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዕለታዊ መግለጫ በ24 ሰዓት ውስጥ የተደረገውን የላብራቶሪ ምርመራ ብዛት አላስቀረብንም። ልጅቷም ታነበው ነበር። እኔ ግን «እሱን ተይው፣ የተያዙት ስንት ናቸው?» እያልኩ አልፈው ነበር። ገቢው ሳይሞላ ወጪው ብቻ የተጻፈበት መዝገብ በሥራ ዘመኔ ቢቀርብልኝ ኖሮ ሳልፈርም እመልሰው ነበር፤ በራሴ ደብተር ላይ ግን ለአምስት ወር ያህል ያንኑ ሠራሁ። ጋዜጦችም በዚህ ረድተውኛል፤ ከመግለጫው የተያዙትንና የሞቱትን ለርዕስ ያነሡና የተመርማሪውን ብዛት ወይ መጨረሻ ላይ ይወሽቁታል፣ ወይ ጨርሶ ይተዉታል።

ነገሩ የተገለጠልኝ በነሐሴ 2012 ነው። በሰኔ ወር በቀን የሚመረመረው ሰው ከ10 ሺህ በታች ነበር፤ በነሐሴ አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ተጀመረና ናሙናው በቀን ወደ 20 ሺህ ደረሰ። በቫይረሱ መያዛቸው የሚነገረውም በቀን ከ1 ሺህ አለፉ። እኔ ተመርማሪ የሚባል ዓምድ ስላልነበረኝ ደብተሬ ላይ የሚታየው ገደል ነው። ቤታችን ተረበሸ፤ ትልቋ ልጄ ወተት የምታመጣልንን ሴት ሳይቀር ከበር ትመለስ አለች። በማግስቱ ጠዋት ግቢያችንን ከጎረቤት በሚለየው ቆርቆሮ በኩል፣ በዕድሜ የሚበልጡኝን ጎረቤቴን፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸውና ፍርሃቴን ነገርኳቸው።

«ትናንት ስንት ሰው መረመሩ?» አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ።

«እሱን አልጻፍኩትም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሃል? እኔ አንድ ጣሳ ምስር ስለቅም አምስት ጠጠር አገኛለሁ። ሦስት ጣሳ ስለቅም አሥራ አምስት ባገኝ ምስሩ ከፋ እላለሁ? ከአንዱ ጣሳ አሥራ አምስት ቢወጣ ግን ነጋዴዋ ዘንድ እመለሳለሁ።»

ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የመቶኛ ስሌትን ከዚህ ባጠረ ቃል ያስረዳኝ መምህር አላውቅም። ወደ ቤት ገብቼ አምስተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤ የልጅ ልጄም ወደ ኋላ እየተመለሰች የየዕለቱን የምርመራ ብዛት ከቆዩት መግለጫዎች እየለቀመች ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እሷ አንድም ጊዜ አላማረረችም፤ እኔ ግን አማርሬያለሁ።

አምስተኛው ዓምድ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ንጽጽር ላመልክት፤ ለአንባቢ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። በነሐሴ 2012 በዘመቻው ሰሞን ከ20 ሺህ ገደማ ተመርማሪ 1 ሺህ 500 ያህሉ ላይ ቫይረሱ ይገኝ ነበር። በመጋቢት 2013 መጨረሻ ደግሞ ከ8 ሺህ ገደማ ተመርማሪ ከ2 ሺህ የማያንሱ። የተያዙትን ብቻ የሚያነብ ሰው በሰባት ወር ውስጥ በሽታው በሢሶ ያህል እንደጨመረ ይረዳል። ተመርማሪውን አብሮ የሚያነብ ግን ከመቶ ሰው ሰባት ወይም ስምንት የነበረው ሃያ አምስት መድረሱን፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ባወጣው መመዘኛ አገሮች ገደብ ከማላላታቸው በፊት ይህ መቶኛ ለሁለት ሳምንት ያህል ከ5 በታች መቆየት እንዳለበት መክሮ ነበር፤ እኛ በመጋቢት 2013 ከዚያ በአምስት እጥፍ ርቀን ነበር። በሰፈራችን ግን የደነገጥነው በነሐሴ ነው። መጋቢት ላይ ክትባቱ ተጀምሯል፣ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማዳረሻ በኩል 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገብቷል ተብሎ ጭምብሉ አገጭ ላይ ወርዶ፣ ሰዉ ለቅሶ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይቀመጥ ነበር። መፍራት የሚገባንን ጊዜ ተዘናግተን፣ መረጋጋት የምንችልበትን ጊዜ ተሸብረን አለፍን።

መቶኛውም ቢሆን ታቦት አይደለም። ማን ተመረመረ የሚለው ጥያቄ ከሥሩ አለ። መጀመሪያ ላይ የሚመረመሩት በብዛት ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች፣ በለይቶ ማቆያ የነበሩ ተመላሾችና ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ የነበራቸው ነበሩ፤ ኋላ ላይ ትኩሳትና ሳል ይዞት ራሱ የሚመጣው በዛ። ጤነኛ ሆኖ ለአውሮፕላን ጉዞ የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው በበዛ ቁጥር መቶኛው ዝቅ ይላል፤ ኪት አንሶ የታመመው ብቻ ሲመረመር መቶኛው ይንራል። ስለዚህ የመጋቢቱን ሃያ አምስት ከመቶ ይዤ «ከአራት ኢትዮጵያዊ አንዱ ተይዟል» ብል ሞኝነት ነው። በሽታው ወዴት እያመራ እንደሆነ ግን፣ የተያዙት ቁጥር ብቻውን ሲነበብ ከሚያሳስተን እጅግ ባነሰ ስሕተት ያሳየኛል። ለማመሳከሪያ ስድስተኛ ዓምድ ጨመርኩና በጽኑ የታመሙትን መጻፍ ጀመርኩ፤ ምርመራው ቢበዛም ቢያንስም ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ሐኪም ቤት መምጣቱ ስለማይቀር። በታኅሣሥ 2014 የኦሚክሮን ዝርያ ገብቶ በቫይረሱ የተያዘው በቀን በሺዎች ሲቆጠር፣ በየቤቱ ሁሉም ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ከፍርሃት ያዳነኝ ይህ ስድስተኛው ዓምድ ነው፤ በጽኑ የታመሙት የተያዙትን ያህል አላሻቀቡምና።

የበዓል ሰሞን ነገርም አለ። ላብራቶሪው በእንቁጣጣሽም በገናም ሠራተኛው ስለሚቀንስ በማግስቱ የሚነበበው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የተጠራቀመው ናሙና አብሮ ይመጣና ይንራል። ቡና ላይ «ተመስገን፣ ቀነሰ» የሚለው ሰውና በሦስተኛው ቀን «አለቅን» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። እኔ የሰባቱን ቀን ደምሬ ለሰባት አካፍዬ በእርሳስ ከጎን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ይህ መዋዠቅ ጠፋልኝ። ለአንድ ጋዜጣ ደግሞ የአራት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል ከውጭ ዜና የጻፍኳቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች ላንሣ። የካቲት 5 ቀን 2012 የቻይናዋ ሁቤይ ግዛት በአንድ ቀን 14 ሺህ 840 አዲስ ታማሚ አስታወቀች። ዓለም ደነገጠ። ከእነዚህ መካከል 13 ሺህ 332ቱ በላብራቶሪ ሳይሆን ሐኪም የሳንባ ምስላቸውንና ምልክታቸውን አይቶ የመዘገባቸው ነበሩ፤ በዚያን ቀን የተቀየረው የአቆጣጠሩ ደንብ ነው። እንግሊዝም በነሐሴ 2012 በኮቪድ ሞተ የሚባለው ምርመራው በተረጋገጠ በ28 ቀን ውስጥ የሞተ ብቻ ይሁን ስትል፣ ከብሪታንያ የሟቾች ድምር ከ5 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተቀነሰ፤ አንድም ሰው ግን ከመቃብር አልተነሣም።

ሦስተኛውን ሳስታውስ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ሳቄ ይመጣል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ላብ ያሰምጠኛል። በመስከረም 2013 እንግሊዝ የላብራቶሪ ውጤቶችን በኤክሴል ሰንጠረዥ ታሰባስብ ነበር፤ የተጠቀሙበት የፋይል ዓይነት አሮጌው ስለነበር ከ65 ሺህ 536 ረድፍ በላይ አይዝም። ሰንጠረዡ ሲሞላ የተረፈው በዝምታ ቀረ። ከመስከረም 15 እስከ 22 ባሉት ቀናት 15 ሺህ 841 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጡ፣ ንክኪ የነበራቸውም ሰዎች በጊዜው ሳይፈለጉ ቀሩ። ስሕተቱ ሲታረም መስከረም 24 ቀን የተነገረው 22 ሺህ 961 ነበር፤ ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው በአንድ ሌሊት እሳት የተነሣ መስሎት ነበር። እኔም በሥራ ዘመኔ ሰንጠረዥ ሞልቶብኝ ያውቃል፤ ደግነቱ የጎደለብኝ የሳሙናና የወረቀት ሒሳብ ነበር።

ወደ ሞት ቁጥር ስመጣ ደግሞ ከደብተሬ ይልቅ የዕድሩ መዝገብ ይናገራል። በአገራችን በኮቪድ መሞታቸው በይፋ የተመዘገበው ከ7 ሺህ 500 በላይ ሲሆን፣ በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለቱን አካፍሎ «ከመቶ ታማሚ አንድ ተኩል ብቻ ነው የሚሞተው» የሚል ሰው አለ፤ ሳይመረመር የታመመውንም፣ ሳይመረመር የሞተውንም ስላላገኘነው ይህ ስሌት ከላይም ከታችም የተሸረፈ ነው። የተያዙት ምን ያህል በዝተው እንደነበር ፍንጭ የሰጠን የደም ምርመራ ነው፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በጅማ ሕክምና ማዕከል ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየካቲት 2013 ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በደማቸው ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል። የሆስፒታል ሠራተኛ የሕዝቡ ወካይ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም በመግለጫው የሚነበበው ቁጥር የበረዶው ጫፍ እንኳ እንዳልነበር ያሳያል።

በዕድራችን መዝገብ የሟች ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቀብር ቦታና የተከፈለው ገንዘብ እንጂ የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ጠይቄም አላውቅም፤ ነውር ነው። በ2013 ድንኳናችን ከሌላው ዓመት አዘውትሮ ወጥቷል። ቤተሰቡ «የሳንባ ምች ነው»፣ «ስኳሩ ነው»፣ «ድንገት ነው» ይል ነበር፤ አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለቀስተኛ እንዳይሸሽ የተባለ ነው። ይሁንና በዕድር ደረጃ በዓመት ሁለት ሦስት ቀብር መብለጥ ከወረርሽኝም፣ ከአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ከእኔ መዝገብ ተነሥቶ ስለ ከተማው መናገር አይገባም። ብዙ መዝገብ አንድ ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1993 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች የሚፈጸመውን ቀብር እያስመዘገቡ፣ ኤች አይ ቪ ስንቱን እንደወሰደና መድኃኒቱ ሲመጣ ሞቱ እንዴት እንደቀነሰ ከዚያው ለማየት ችለዋል። የመቃብር ጠባቂው መዝገብ ሐኪም ያልጻፈውን ይናገራል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ያወጣው ግምትም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ሰው በምን ሞተ ከማለት፣ ወትሮ ከሚሞተው ስንት ሰው በለጠ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በዓለም ላይ በኮቪድ ሞቱ ተብሎ ሪፖርት የተደረገው 5.4 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከወትሮው በላይ የሞተው 14.9 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን «ወትሮ» የሚባለው ራሱ በቅጡ አልተጻፈም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነውና፣ የእኛ አሐዝ ከሌሎች አገሮች ተነሥቶ በስሌት የተሞላ ነው። ይህን ሳያውቅ የአገሮችን የሟች ቁጥር እንደ እግር ኳስ ደረጃ ሰንጠረዥ ደርድሮ «እኛ ከጣልያን ተሻልን» የሚል ዘገባ በተለያዩ ጊዜያት አንብቤአለሁ። ከሕዝባችን ግማሹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው መሆኑ፣ የጣልያን ሕዝብ ደግሞ በሽማግሌ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም መሆኑ ለብቻው ሞቱን እንዲያራርቀው ይጠበቃል፤ ያልተመዘገበው ሲጨመርበት ደረጃው ትርጉም አይኖረውም።

ይህን ሁሉ ስናገር የሰፈራችን ወጣቶች «ስለዚህ ጋሼ፣ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው በሉና!» ይሉኛል። አልልም። በዚያ ወቅት በየስልኩ ይላክ የነበረውን የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ፈውስ ያጋሩ የነበሩት እነዚሁ «ውሸት ነው» ባዮች ናቸው። ቀሪ ሒሳቡ ያልታረቀ መዝገብ የሐሰት መዝገብ አይደለም፤ ምን እንደጎደለው ከኅዳጉ ላይ ተጽፎበት የሚነበብ መዝገብ ነው። የጤና ሚኒስቴር የተመረመረውን ብዛት በየቀኑ ማውጣቱ ራሱ ጉድለቱን አለመደበቁን ያሳያል፤ ያንን ቁጥር ያስቀረነው በመሐል ያለነው፣ እናንተ በማተም እኔም በመጻፍ ነን።

ጥያቄዬ እንግዲህ ከባድ አይደለም። ወባም ይሁን ኮሌራ፣ ኩፍኝም ይሁን ወደፊት የሚመጣው፣ የታማሚ ቁጥር ባተማችሁ ቁጥር ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ስንት ሰው ተመርምሮ፣ ስንት ወረዳ ሪፖርት ልኮ፣ በስንት ቀን ውስጥ የተሰበሰበ። ምንጩ ይህን ካልሰጣችሁ «የተመርማሪው ብዛት አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉ፤ እኔን ለመሰለ አንባቢ እሱ ራሱ መረጃ ነው። የአቆጣጠር ደንብ በተቀየረ ቀን ደግሞ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚለውን ግስ ከርዕሱ አውጡት። ስለ ወባው ዘገባም ዘጋቢያችሁ የሁለቱን ወራት የምርመራ ብዛት ጠይቆ በሚቀጥለው እትም ቢያወጣው፣ ቁጥሩ በእውነት ቀንሶ ከተገኘ ደስታዬ ከማንም አያንስም።

ደብተሩ አሁንም እጄ ላይ አለ፤ ስድስቱም ዓምድ እስከ ነሐሴ 2014 ድረስ ተሞልቷል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ገጾች ላይ አምስተኛው ዓምድ በተለየ ቀለም ከጠርዝ ላይ ተጣብቆ ስለተጻፈ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ዘጋቢያችሁ ማየት ከፈለገ ከቅዳሜ በቀር በማንኛውም ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቅዳሜ የዕድር ስብሰባ አለብን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የዕድር ጸሐፊ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ